የባላገርን ጥሪት ከበሽታ ዕዳ ስለ መጠበቅ

የአገር ሀብት ከመሬት ይወጣል፤ የመሬትም ፍሬ በባላገር ጉልበት ይገኛል። ጉልበት ደግሞ ጤና ሲጎድል አብሮ የሚጎድል ነውና የባላገርን ጤና መጠበቅ የጎተራን እህል ከነቀዝና ከአይጥ እንደ መጠበቅ ያለ የእርሻ ሥራ ነው እንጂ ለሐኪሞች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ድርቅና አንበጣ፥ በረዶና ዋግ የሚያመጡት ጥፋት በዓይን ስለሚታይ ሹሙም ሕዝቡም ይነጋገርበታል። በሽታ ግን ወደ አንድ ቤት ገብቶ ጥሪትን በዝምታ ስለሚያወጣ ብዙ ጊዜ ከጥፋት ሳይቈጠር ይቀራል።

ጥፋቱ የሚሠራበት መንገድ እንዲህ ነው። ጥማድ በሬ ያለው አንድ ባላገር በክረምት መውጫ ታመመ እንበል። ያ ወራት የአምናው እህል ያለቀበት፥ የዘንድሮውም ገና ያልደረሰበት ስለ ሆነ በእጁ ገንዘብ የለም። በመጀመሪያ ይሻለኛል እያለ ሕክምናውን ያዘገያል፤ ሕመሙ ሲጠናበት በአራጣ ይበደራል፤ ብድሩ አልበቃ ሲል በጉንና ፍየሉን፥ በመጨረሻም አንዱን በሬ ይሸጣል። ያን ጊዜ ጥማዱ ፈረሰ። ከጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ ለማረስ ቢስማማ ተራው እስኪደርሰው ዝናቡ ያልፈዋል፤ መሬቱን በእኩል ለሌላ ቢያሳርስ የምርቱን እኩሌታ ያጣል። በወንፈል የተቀበለውንም ጉልበት መመለስ ስላልቻለ በሚመጣው ዓመት የሚረዳው አያገኝም። ስለዚህ የሕመሙ ዋጋ ለመድኃኒት የተከፈለው ብር ብቻ አይደለም፤ የተሸጠው በሬ፥ ጦም ያደረው ማሳና የአራጣው ወለድ ሁሉ አብረው ይቈጠራሉ። በቶሎ ቢታከም በጥቂት ወጪ ይድን የነበረ ሕመም ብዙ ዓመት የሚቈይ ድኽነት ትቶ ይሄዳል።

ከበሽታዎችም መካከል ለእርሻ የከፋ ጠላት የሆነው፥ ቀድሞ ንዳድ ይባል የነበረው ወባ ነው። በኢትዮጵያ በብዙ ቈላና ወይና ደጋ ስፍራ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፥ ማለት እህል በሚያሽትበትና በሚታጨድበት ወራት ነው። አጫጁ በተኛ ጊዜ የደረሰው ጤፍ ይረግፋል፤ አውሬና ወፍም ይካፈለዋል። በ1950 ዓ.ም. መጨረሻና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በተነሣው ታላቅ የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150 ሺህ ያህል እንደ ሞተ ተገምቶአል። በዚያ ዘመን መከራው ይበልጥ የጸናው በሽታውን በማያውቀው በከፍተኛው ስፍራ ሕዝብ ላይ ነበር፤ የለመደው ስላልነበረ ሰውነቱ አልተቋቋመውም።

የእርሻ ሹማምንት ራሳቸው የሚያሠሩት ሥራም ጥንቃቄ ካልተጨመረበት በሽታን ሊያበዛ ይችላል። በትግራይ ለመስኖ በተሠሩ ትናንሽ ግድቦች አጠገብ ባሉ መንደሮች ሕፃናት ላይ የተደረገውና እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1999 ዓመት የታተመው ምርመራ እንዳሳየው፥ በግድቡ አጠገብ የሚኖሩት ሕፃናት በወባ የሚያዙት ከግድቡ ርቀው ከሚኖሩት 7 እጥፍ ያህል በልጦ ተገኝቶአል። ይህ መስኖ ይቅር ለማለት አይደለም። ግድብ በሚቈፈርበት ጊዜ የሚያፈስሰው ውሃ እንዳይተኛ ማድረግ፥ አጎበር ማደል፥ ቤቶችን በመድኃኒት መርጨትም ከግድቡ ወጪ ጋር አስቀድሞ መታሰብ አለበት ለማለት ነው። በመስኖ የተገኘው ሽንኩርትና በቈሎ ለሕክምና የሚሸጥ ከሆነ ትርፉ ወዴት አለ?

ሰፊ እርሻ ለሚያሠሩ ባለ ሀብቶችም ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። በመተማና በሑመራ የሰሊጥ እርሻ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በወባና ካላ አዛር በሚባለው በሽታ ይጠቃል። ካላ አዛር የሚተላለፈው በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ነው፤ ካልታከመም ይገድላል። ለሠራተኛው አጎበርና የመኝታ መጠለያ የሚሰጥ፥ ሲታመምም ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ የሚልክ አሠሪ ሰሊጡ ሳይረግፍ ይሰበስባል፤ ይህን ያልሠራ ግን በአጨዳ መካከል እጅ ያጣል።

እንግዲህ የመጀመሪያው መከላከያ «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከተጀመረ ወዲህ ከ30 ሺህ የሚበልጡ ሠራተኞች፥ አብዛኞቹም ሴቶች፥ በየቀበሌው ተመድበው መጸዳጃ ስለ መቈፈር፥ ውሃ ስለ ማፍላት፥ ሕፃናትን ስለ ማስከተብና ስለ አጎበር አጠቃቀም ሲያስተምሩ ቈይተዋል። በእነርሱ ምክር የሚድነው ጉልበት በብር ቢተመን ብዙ ነው።

ነገር ግን ምን ቢጠነቀቁ ሕመም ፈጽሞ አይቀርም። ሁለተኛው መከላከያ ስለዚህ መድን ነው። የመድን አሳብ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንግዳ አይደለም፤ ዕድር በየወሩ ጥቂት እያዋጣ ሐዘን የደረሰበትን ቤት ይደግፋል። ይሁን እንጂ ዕድር በአብዛኛው የሚደርሰው ከሞት በኋላ ነው። የጤና መድን ያንኑ የመተባበር ልማድ ሰውየው በሕይወት ሳለ እንዲደርስለት ያደርገዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ምሳሌ የመድንን ሒሳብ ሁሉ ጠቅልሎ ይናገራል፤ በአንድ ዓመት የሚታመመው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ አይታወቅምና፥ ሁሉም ጥቂት ቢያዋጣ በአንዱ ላይ የሚወድቀው ሸክም ይቀላል።

በሌላ አገርም የተጀመረው ከመንደር ነው። በጃፓን በፉኩኦካ አውራጃ በሙናካታ ገበሬዎች እንደ አቅማቸው ሩዝና ገንዘብ እያዋጡ ሐኪም ያስተዳድሩ ነበር። መንግሥቱም በሕክምና ዕዳ የተጎዳውን ባላገር ለማዳን ባሰበ ጊዜ ይህን ልማድ መሠረት አድርጎ በ1938 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የጤና መድን ሕግ አወጣ፤ በ1961ም መድኑ ለሕዝቡ ሁሉ ተዳረሰ።

በኢትዮጵያ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ለሙከራ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፥ በአማራ፥ በኦሮሚያና በደቡብ በ13 ወረዳዎች ሲሆን፥ ከዚያ በኋላ ወደ ብዙ መቶ ወረዳዎች ተስፋፍቶአል። አባል የሚሆነው ሰው ለብቻው አይደለም፥ ቤተ ሰብ ነው። በሽተኛው ብቻ ገብቶ ጤነኛው ቢቀር መዋጮው ወጪውን አይችልምና ይህ ሥርዓት አስፈላጊ ነው። ቤተ ሰቡ የዓመቱን መዋጮ ከፍሎ መታወቂያ ደብተር ይቀበላል፤ ሲታመም በመጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ፥ ከዚያም በመላኪያ ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። የመድኑም ጽሕፈት ቤት ሒሳቡን መርምሮ ለሐኪም ቤቱ ይከፍላል። መክፈል ለማይችሉት ድኾች መንግሥት ይከፍልላቸዋል። በሙከራው ወረዳዎች የተደረገውም ጥናት አባል የሆኑት ወደ ጤና ጣቢያ መሄዳቸው እንደ ጨመረና መበደራቸው እንደ ቀነሰ አረጋግጦአል።

የዚህ ሥራ መቃናት ግን በሹማምንቱ ትጋት ላይ ይቆማል። አባሉ መዋጮውን ከፍሎ ጤና ጣቢያ ሲደርስ መድኃኒት የለም፥ ከውጭ ግዛ ከተባለ፥ ሁለት ጊዜ እንደ ከፈለ ይቈጥረዋል፤ በሚመጣውም ዓመት ደብተሩን አያሳድስም። ጤነኞቹ ሲወጡ የቀሩት በሽተኞች ናቸውና ገንዘቡ ይጎድላል፤ ሐኪም ቤቱም ክፍያው ሲዘገይበት መድኃኒት ማስገባት ያቅተዋል። እንዲህ ያለው ጉድለት አንዱ አንዱን እየሳበ ማኅበሩን ያፈርሳል።

ስለዚህ እያንዳንዱ የወረዳ ሹም የሚመለከታቸው ነገሮች አሉ። መዋጮው እህል ተወቅቶ በባላገሩ እጅ ገንዘብ ባለበት ወራት፥ ከጥር ጀምሮ ይሰብሰብ እንጂ በሰኔና በሐምሌ አይጠየቅ። የድኾች መዝገብ በሕዝብ ፊት ተነብቦ ይጽደቅ፤ ዘመድና ወዳጅ ገብቶበት እውነተኛው ድኻ እንዳይወጣ ይመርመር። የተሰበሰበውና የተከፈለው ገንዘብ በየዓመቱ ለአባሎቹ ይነገር፤ ዕድርተኛ የሚታመነው ሒሳቡን ስለሚሰማ ነውና። ለጤና ጣቢያው የሚገባው ክፍያ በቀኑ ይድረስ፤ የመድኃኒቱም መጋዘን በመስከረም ሳይሆን ወባ ከመነሣቱ በፊት ይታይ። ከሁሉም በላይ አባልነት በማስረዳት ይለመድ፤ በግድ የተከፈለ መዋጮ እንደ ቅጣት ይታያልና ዓመት ዞሮ አይደገምም።

ባላገሩ በሬውን በበረት፥ ዘሩን በጎታ፥ ጤናውን በጥንቃቄ፥ ጥሪቱንም በመድን ቢጠብቅ የአንድ ሳምንት ሕመም የዓመታት ድኽነት አያመጣበትም። ይህንንም የሚያስተውል ሹም የወረዳውን የእርሻ መዝገብ በሚመረምርበት ጊዜ፥ በዚህ ዓመት ስንት ጋሻ ወይም ስንት ሄክታር ታረሰ ብሎ ብቻ አይጠይቅም፤ ስንት በሬ ለሕክምና ተሸጠ ብሎም ይጠይቃል። ይህ ቍጥር ሲያንስ ያን ጊዜ ሥራው እንደ ተቃና ያውቃል።