ከድል ማግስት፦ ኢማም አህመድ በጌም ዓይን

ከሁሩታ ወደ አዳማ የሚወርድ መንገደኛ አዋሽን ይሻገራል፤ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ሲያቀና ደግሞ ሞጆን ያገኛል። ዛሬ በከባድ መኪና የተጨናነቀው ይህ አካባቢ በአንድ ወቅት የአፍሪካ ቀንድን ታሪክ የለወጠ ውጊያ ተካሂዶበታል። ታሪክ ጸሐፊዎች በሞጆ አካባቢ በሚያስቀምጡት ሽምብራ ኩሬ፣ በማርች 1529 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ የአዳሉ ኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም የዓፄ ልብነ ድንግልን ሠራዊት ድል አደረጉ። ብዙዎች ግራኝ አህመድ ብለው የሚያውቋቸው እኚህ ሰው ለአንዱ ጀግና፣ ለሌላው አጥፊ ሆነው ኖረዋል፤ ክርክሩም ከሁለቱ ስም ብዙም አላለፈ። ስለዚያው ዘመን የተሠሩ የኮምፒውተር ጌሞች የሚያስለምዱት ጥያቄ ከዚህ ክርክር የተሻለ መንገድ ይከፍታል። ጥያቄው አጭር ነው፦ አዛዡ ካሸነፈ በኋላ በማግስቱ ምን ሠራ?

ጌሞቹን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። በ2006 የወጣው ሚዲቫል ቱ ቶታል ዋር የሚባለው የእንግሊዝ ጌም ከ1080 እስከ 1530 ያለውን ዘመን ይሸፍናል። ተጫዋቹ በአንድ በኩል በካርታ ላይ ተራ በተራ እያሰበ ጦር ያንቀሳቅሳል፣ ግብር ይሰበስባል፣ ከተማ ይገነባል፤ በሌላ በኩል ውጊያው ሲጀመር ሜዳው ላይ ወርዶ ፈረሰኛውንና እግረኛውን ራሱ ያዛል። እያንዳንዱ ጄኔራል የራሱ ስም፣ ዕድሜና ጠባይ አለው። እያሸነፈ ሲሄድ የአዛዥነት ኮከብ ይጨመርለታል፣ አጃቢ ይበዛለታል፣ ያረጃል፣ ይሞታል። ከተማ ሲይዝ ሦስት ምርጫ ይቀርብለታል፦ ዝም ብሎ መያዝ፣ መዝረፍ ወይም ሕዝቡን መፍጀት። የመረጠው ነገር ጠባዩ ላይ ይመዘገባል፤ ወይ በደግነቱ ይከበራል ወይ በጭካኔው ይፈራል። ለዚህም ነው ተጫዋቾች የሞተባቸውን ጄኔራል ለዓመታት የሚያስታውሱት። ሁለት ሕጎች ግን ለእኛ ጉዳይ ከሁሉም ይበልጣሉ። የተመናመነ ጦር ሜዳ ላይ እንዳለ አይሞላም፤ ወደ ከተማ መመለስ አለበት። ጄኔራሉ ውጊያ መሃል ከወደቀም የሠራዊቱ ወኔ ይሰበራል፤ ብዙ ጊዜም በአሸናፊነት ላይ የነበረ ጦር ሳይቀር ይበተናል።

በእነዚህ ሁለት ሕጎች ሽምብራ ኩሬን እንመልከት። የኢማሙን ዘመቻ የመዘገበው የፍቱሕ አል ሐበሻ ጸሐፊ ዓረብ ፈቂህ ንጉሡ 16,000 ፈረሰኛና ከ200,000 በላይ እግረኛ እንዳሰለፉ፣ ኢማሙ ግን 560 ፈረሰኛና 12,000 እግረኛ ብቻ እንደነበራቸው ይነግረናል። በክርስቲያኑ ወገን የተጻፈው ታሪክ የንጉሡን ፈረሰኛ ወደ 3,000፣ የኢማሙን ወደ 300 ያወርደዋል። ሠራዊት የማብላትን ጣጣ በጌም እንኳ የቀመሰ ሰው 200,000 እግረኛ በአንድ ሜዳ ላይ ምን እንደሚበላ መጠየቁ አይቀርም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ቁጥሩ ላይ የማይስማሙት ሁለቱ ወገኖች ግን ያሸነፈው ትንሹ ጦር መሆኑን አይክዱም። ከዚህ ሁሉ የሚገርመው የድሉ ማግስት ነው። ኢማሙ ወደ ፊት መግፋት አልቻሉም። ምርኮውን የጠገበው ዘማች ወደየአገሩ መመለስ ፈለገ፤ ዘመቻውም ዳግመኛ በሙሉ ኃይል የተነሳው በ1531 ነው። ያ የሁለት ዓመት ክፍተት በትምህርት ቤት ታሪካችን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። የኢማሙ ትልቁ ችሎታ የታየው ግን እዚያው ውስጥ ነው። የተበተነውን ሰብስበው፣ መድፍና ጠመንጃ ጨምረው፣ ለምርኮ የሚዘምተውን ጦር አገር ይዞ ወደሚቆይ ሠራዊት ለወጡት። በዚያው በ1531 በአንጾኪያና በአምባሰል ድል በድል ላይ የደረበው ይህ ዝግጅት ነው።

ተቃዋሚ እዚህ ላይ ሊያቋርጠን ይችላል። ጌም ሁሉን ነገር በከተማ ይለካል፤ ከተሞቹን ሁሉ ያጣ መንግሥት ይወድቃል። የዓፄዎቹ መንግሥት ግን በግንብ የታጠረ መዲና አልነበረውም፤ ቤተ መንግሥቱ ድንኳን፣ ከተማውም ተንቀሳቃሽ ሰፈር ነበር። ታዲያ የአውሮፓን ግንብ እያሰቡ የተሠሩ ሕጎች እኛን እንዴት ይገልጹናል? ተቃውሞው ትክክል ነው፤ የጌሙ ካርታ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ስህተቱ ግን ራሱ አንድ ነገር ያሳያል። ኢማሙ ለአሥር ዓመት ያህል አውራጃ ከአውራጃ ያዙ፣ መካነ ሥላሴን የመሰለ ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ፣ አምባ ግሸን ሳይቀር ወደቀ። ይሁንና ጨዋታውን የሚዘጋ አንድ ከተማ አልነበረም። ልብነ ድንግል ከአምባ አምባ እየሸሹ በ1540 በደብረ ዳሞ እስኪያርፉ ድረስ አልተያዙም። ንጉሡ ሲሞቱም ዙፋኑ አልሞተም፤ ልጃቸው ገላውዴዎስ ተተኩ፣ የሟቹ ንጉሥ ባለቤት ንግሥት ሰብለ ወንጌልም በሰሜን በኩል የድጋፍ ማሰባሰቡን ሥራ ቀጠሉ። መተካካቱ በደም ዝምድና የተያያዘ ስለነበር የአንድ ሰው ሞት ዘመቻውን አልዘጋውም።

በ1541 የክርስቲያኑን ወገን ለመርዳት ከምጽዋ የገቡት 400 ፖርቱጋሎች ሚዛኑን እንደለወጡት የሚነገረው ሌላው ተቃውሞ ነው፤ ጦርነቱን የወሰነው ጠመንጃ እንጂ አዛዥ አይደለም ይባላል። የ1542ን ውጊያዎች በተራ ያየ ሰው ግን በቀላሉ አይስማማም። ኢማሙ በጸደይ ወራት በጠመንጃ ቆስለው ወደ ኋላ አፈገፈጉ፣ በየመን ካለችው ከዘቢድ የኦቶማን ፓሻም 900 ያህል ባለ ጠመንጃና አሥር መድፍ አገኙ። በኦገስት መጨረሻ በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ በወፍላ የፖርቱጋሎቹን ሰፈር ሰበሩ፤ አዛዡ ክሪስቶቮ ዳ ጋማም ተማርኮ ተገደለ። ጠመንጃ ብቻ ቢወስን ኖሮ ታሪኩ እዚህ ባለቀ ነበር። ከድሉ ማግስት ግን ኢማሙ አብዛኞቹን ቱርኮች ወደ ዘቢድ መልሰው 200 ያህሉን ብቻ አስቀሩ። የተረፉት ፖርቱጋሎች በአንጻሩ ከሰብለ ወንጌልና ከገላውዴዎስ ጋር ተቀላቅለው ተደራጁ። በፌብሩዋሪ 21 ቀን 1543 ከጣና በስተ ምሥራቅ በወይና ደጋ ኢማሙ በጥይት ወደቁ፤ ሠራዊታቸውም ወዲያው ፈረሰ። ከፖርቱጋል ጸሐፊዎች እንደሚተረከው ካሊድ የሚባል ወጣት መኮንን የኢማሙን ራስ ቆርጦ ለንጉሡ አቅርቦ ሽልማት ጠየቀ። የዳ ጋማ አገልጋይ የነበረው ፔድሮ ሌዮን ግን ቀድሞ ቆርጦ የያዘውን ጆሮ አውጥቶ አሳየ፤ ራሱም ሲታይ አንድ ጆሮ ጎድሎታል። ትረካው እውነትም ይሁን የተጋነነ፣ ሁለቱም ወገን የዘመቻው ቁልፍ የአንድ ሰው ነፍስ መሆኗን እንደሚያውቅ ያሳያል።

ይህ በአንድ ሰው ላይ የመንጠልጠል ድክመት ከኢማሙ በኋላም ቀጠለ። ባለቤታቸው ባቲ ድል ወንበራ ወደ ሐረር ተመልሰው የኢማሙን የእህት ልጅ ኑር ኢብን ሙጃሂድን አገቡ። ኑር ሐረርን በጀጎል ግንብ አጠሩ፤ በ1559ም በፈጠጋር ምድር ገላውዴዎስን ገደሉ። ንጉሥ በጦር ሜዳ መግደል በየትኛውም ጌም ትልቁ ድል ነው። ማግስቱ ግን ለአሸናፊው ረሃብን እንጂ ግዛትን አላመጣም። በዚያው ትውልድ ከደቡብ የተነሳው የኦሮሞ እንቅስቃሴ ሁለቱ መንግሥታት ተዳክመው የተዉትን ሰፊ ምድር ሞላው፤ የዛሬው አርሲም የዚያ ታሪክ አካል ነው። አባ ባህርይ በ1593 ገደማ በጻፉት መጽሐፍ ዘመቻዎቹን የሚቆጥሩት በአንድ ጀግና ስም ሳይሆን በሉባ ነው፤ አንዱ ሉባ ስምንት ዓመት መርቶ ለቀጣዩ ያስረክባል። የገዳ ሥርዓት የአዛዥነትን ዘመን አስቀድሞ ስለሚወስን የአንድ መሪ መውደቅ ዘመቻውን አያስቆመውም። የሚዲቫል ቱ ጄኔራል በፈቃዱ ሥልጣን አስረክቦ አያውቅም፤ እስኪሞት ያዛል። ከሦስቱ ኃይሎች በዚህ ምድር ላይ ይበልጥ ሥር የሰደደው በአንድ ሰው ላይ ያልተንጠለጠለው መሆኑ፣ ሌሎች ምክንያቶች ቢኖሩም፣ በአጋጣሚ ብቻ የሚገለጽ አይደለም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የሥነ ምግባር ነው። የተቃጠለ ገዳም፣ የተሸጠ ሰው፣ ከቀዬው የተፈናቀለ ገበሬ ጌም ላይ ቁጥር ነው፤ "መፍጀት" የሚለው ምርጫ እንኳ አንድ ጊዜ የሚነካ ቁልፍ ብቻ ነው። ይህን መካድ አይቻልም። ተጫዋቹ የተሳሳተውን ጨዋታ ካስቀመጠበት ቦታ ይጀምራል፣ የዚያ ዘመን ሰው ግን አንድ ሕይወት ብቻ ነበረው። ሆኖም ጌሙ ላይ የሚነሳው ወቀሳ የጀግና ትረካውንም ይመለከተዋል፤ ከድል ወደ ድል የሚሮጥ የታሪክ መጽሐፍም ገበሬውን አያነሳም። ማግስቱን የሚጠይቅ አንባቢ ግን ስንቁ ከየት እንደመጣ መጠየቁ አይቀርም፤ ስንቁን ሲፈልግም የሚያገኘው ጎተራው የተራቆተውን ባላገር ነው።

ስለዚህ ጌሙን ከክፍል ውጭ ማባረሩም፣ እንደ ታሪክ መምህር ማመኑም አይጠቅምም። በ2013 የወጣው ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ አራት ኢትዮጵያንም አዳልንም ለተጫዋቹ ምርጫ ያቀርባል፤ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሁለት ደግሞ በ2015 የዮዲትን ዘመቻ አካትቷል። የአዳማ ወይም የሁሩታ መምህር ተማሪዎቹን አንድ ጊዜ በልብነ ድንግል፣ አንድ ጊዜ በኢማሙ ወንበር ቢያስቀምጥ፣ ከዚያም የሽምብራ ኩሬን ሁለት የቁጥር ዘገባዎች አቅርቦ የትኛው እንደሚታመን ቢያከራክር፣ ኢማሙን ማወደስም ሆነ መርገም ሳያስፈልግ ሥራቸውን መመዘን ይቻላል። በዚያ ሚዛን ኢማም አህመድ ከሽምብራ ኩሬ ማግስት ታላቅ አዛዥ ናቸው፣ ከወፍላ ማግስት ደግሞ ስህተታቸውን በሕይወታቸው የከፈሉ። ሁለቱንም ፍርድ አብሮ መያዝ የሚችል ተማሪ ታሪክ ማንበብ ጀምሯል።