የአጠናን ዘዴን ለኮሌጅ ተማሪዎች ስለ ማስተማር

ከጉቴና በነቀምቴ ዙሪያ ካሉት ከተሞች ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚሄድ ወጣት ሁለት ሸክም ይጠብቀዋል። አንደኛው የትምህርቱ ብዛት፣ ሁለተኛው የቋንቋው ነገር ነው። በኦሮሚያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፋን ኦሮሞ ይሰጣል፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ግን መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ስለዚህ ብዙው ተማሪ በሚገባ ያልተረዳውን ዓረፍተ ነገር እየደጋገመ በማንበብ በቃሉ ለመያዝ ይደክማል። በመጀመሪያው መንፈቅ ነጥቡ አንሶ የሚሰናበተውም ሰነፉ ብቻ አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ ያደረው ትጉህም አለበት። ወላጆቹ ከብት ሸጠው የላኩት ልጅ እንዲህ ሆኖ ሲመለስ ጉዳቱ የቤተ ሰቡ ሁሉ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው፤ ማጥናት ራሱ ትምህርት ነውን? የሚል ነው። እኛ አዎን እንላለን።

የመርሳትን ጠባይ በሙከራ የመረመረው ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ ሰው የተማረውን በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ፈጥኖ፣ ከዚያም በዝግታ እንደሚረሳ አስረድቷል። ስለዚህ ክለሳ ለፈተና ዋዜማ የሚተው ሥራ አይደለም፤ በተማሩበት ዕለት ተጀምሮ ቀን እየለዩ መደገም አለበት። አሜሪካዊው ፍራንሲስ ሮቢንሰንም እ.ኤ.አ. በ1946 ለኮሌጅ ተማሪዎች አምስት ደረጃ ያለው ዘዴ አቅርቧል፤ ይኸውም ምዕራፉን መቃኘት፣ ከርእሶቹ ጥያቄ ማውጣት፣ ማንበብ፣ መጽሐፉን ዘግቶ ለራስ መመለስ፣ በመጨረሻም መከለስ ነው።

ከአምስቱ ተማሪ በቀላሉ የሚዘለው አራተኛውን ነው፤ ጥቅሙ ግን እጅግ ብዙ ነው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ አንዳንድ ተማሪዎች አንድን ጽሑፍ አራት ጊዜ እንዲያጠኑ፣ ሌሎች ግን አንድ ጊዜ አጥንተው ሦስት ጊዜ ሳያዩ እንዲጽፉት አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያጠኑት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን እነዚህ ከመቶ 40 ያህል ሲያስታውሱ፣ ሳያዩ የጻፉት 61 ያህል አስታወሱ። ደጋግሞ ማንበብ ያወቁ ያስመስላል፤ መጽሐፉን ዘግቶ መመለስ ግን የታወቀውን ካልታወቀው ይለያል።

ይህ ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ተማሪው የቃል ትምህርቱን ማታ ያለ መጽሐፍ ይወጣዋል፤ የቅኔ ተማሪም ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል። በወለጋም ታሪክ አስቴር ጋኖ ብዙ የኦሮሞ ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖች ከማስታወሷ አውጥታ ጽፋለች፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር እ.ኤ.አ. በ1894 ባሳተሙት የንባብ መጽሐፍ ገብተዋል። ልብ ውስጥ ያለውን በራስ ቋንቋ አውጥቶ መጻፍ ምን ፍሬ እንደሚሰጥ ከዚህ እንረዳለን።

ታዲያ ዘዴው እንዴት ይሰጥ? በአቀባበል ሳምንት አንድ ቀን ንግግር አድርጎ መተው አይበቃም። የየትምህርቱ መምህር በመጀመሪያው መንፈቅ፣ በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ሰጥቶ፣ ተማሪዎች ደብተራቸውን ዘግተው የተማሩትን እንዲጽፉ ቢያደርግ ልማዱ ከትምህርቱ ጋር አብሮ ይተከላል። ቋንቋው ለሚከብደውም መንገድ አለ፤ ሐሳቡን መጀመሪያ ለጓደኛው በአፋን ኦሮሞ ያስረዳ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ይጻፈው፣ በመጨረሻም ከመጽሐፉ ጋር ያስተያየው። በራሱ ቋንቋ ማስረዳት ያልቻለውን ነገር በእንግሊዝኛ ቢሸመድደው፣ የጥያቄው አነጋገር ሲለወጥ ይጠፋበታል።

በዚህ ዘዴ የተማሪው ድካም ይቀራል ማለታችን አይደለም፤ ሳያዩ መጻፍ ከማንበብ ይልቅ ያደክማል። ነገር ግን ትጋት ያለው ወጣት ዘዴ አጥቶ ከደጅ እንዳይመለስ፣ ኮሌጆች ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን አጠናኑንም ሊያስተምሩ ይገባል ብለን እናምናለን።