ቁልፉ ዞረ፤ ሞተሩ ግን ዝም!

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ መኪና ነው። «እኛ መኪና ከየት አምጥተን?» እንዳትሉኝ፤ እኔም የለኝም። ግን ቁልፍ ሲዞር አልነሳ ያለ አንድ መኪና፣ በፊዚክስ ክፍል ሳልሰማ ያለፍኩትን ነገር በአንድ ሌሊት አስተምሮኛል።

ጊዜው 1998 ዓ.ም. ነው። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ጋዝጊብላ፣ አስከተማ አጎቴ ዘንድ እኖር ነበር። አጎቴ የአንድ ድርጅት ላንድክሩዘር ይነዳል፤ ባለ ማንዋል ማርሽ፣ የናፍጣ መኪና። ያን ቀን ማታ መኪናውን አጥቤ ስጨርስ ቁልፉን ከፍቼ ሁለት ሰዓት ያህል ቴፕ ሳዳምጥ ቆየሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በራችን ተንኳኳ። የጎረቤታችን ባለቤት ምጥ ጠንቶባታል፤ ሰቆጣ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት። የደጋው ብርድ አጥንት ይሰብራል። አሳፈርናትና አጎቴ ቁልፉን አዞረ። «ጠጠጠጠጠ!» ከዚያ ዝም።

«በቃ፣ ባትሪው ሞቷል!» አለ አንዱ። «ቁልቁለት ነው፤ ገፍተን እናስነሳው!» አለ ሌላው። እኔ በጥፋቴ ልቤ ድው ድው ይላል። አጎቴ ግን «ቆዩ! መጀመሪያ መኪናው የሚለውን እንስማው» አለ።

ቁልፉ ሲዞር ምን ይሆናል?

ድሮ መኪና የሚነሳው በእጅ ነበር። በ1900 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ዘመን መኪና ወደ አገራችን ሲገባ ሞተሩን ያስነሱት የነበሩት በማኖቬላ አዙረው ነው። በኤሌክትሪክ ማስነሳት በካዲላክ መኪኖች የተጀመረው በአውሮፓውያን 1912 ነው።

ዛሬ ያን ጉልበት የሚሠራው ሞተሪኖ ነው። ቁልፉን ስታዞሩ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሞተሪኖው ላይ ወዳለው ማግኔት ይሄዳል። ማግኔቱ ሁለት ነገር ይሠራል፦ ትንሿን ጥርስ ገፍቶ ከሞተሩ ትልቅ ጥርስ ጋር ያገናኛል፤ ከባትሪው የሚመጣውንም ወፍራም መስመር ይዘጋል። ያኔ በመቶ የሚቆጠር አምፔር ይፈስና ሞተሩ ይሽከረከራል። ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ከተበጠሰ መኪናው አይነሳም። ጥያቄው የቱ ነው የሚለው ነው።

ድምፁ ይናገራል

አንድ ሰው የፊት መብራቱን ያብራና ቁልፉን ያዙር። ማርሹ ፎሌ ላይ፣ የእጅ ፍሬኑ የተያዘ፣ ፍሪሲዮኑ የተረገጠ ይሁን። (አንዳንድ መኪና ፍሪሲዮን ካልተረገጠ ጭራሽ አይሞክርም፤ ለዚህ ብሎ ጋራዥ የሄደ ሾፌር ሞልቷል!) ከዚያ ስሙ፣ ተመልከቱ፦

1. መብራትም ድምፅም ከሌለ፦ ባትሪው ባዶ ነው፣ ወይም ገመዱ ወልቋል፣ ወይም ዋናው ፊውዝ ተቃጥሏል።

2. መብራቱ ደማቅ ሆኖ ምንም ድምፅ ከሌለ፦ ባትሪውን ተዉት። ቁልፉ የሚገባበት ኮንታክት፣ የፍሪሲዮኑ ስዊች ወይም ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ቀጭን ሽቦ ይፈተሽ።

3. አንድ ጊዜ «ቋ!» ብሎ ዝም ካለና መብራቱ ካልደበዘዘ፦ ጥርጣሬው ሞተሪኖው ላይ ነው፤ ካርቦኑ አልቆ ወይም የማግኔቱ መገናኛ ተቃጥሎ ይሆናል።

4. «ጠጠጠጠ» ካለና መብራቱ ከደበዘዘ፦ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም የባትሪው ጫፍ በደንብ አልተያያዘም።

5. እያቃሰተ ቀስ ብሎ ከዞረ፦ ባትሪው ደካማ ነው፣ ወይም ማሳው ላልቷል። ብርድም ያግዘዋል፤ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል፣ የሞተር ዘይትን ያወፍራል።

6. በደንብ እየዞረ ካልተነሳ፦ ባትሪም ሞተሪኖም ደህና ናቸው። ናፍጣ አለ ወይ? መስመሩ አየር ስቧል? በብርድ ጊዜ የማሞቂያው መብራት እስኪጠፋ ተጠብቋል? የቤንዚን መኪና ከሆነ ካንዴላው እሳት ይሰጣል?

መልቲሜትር ካለ ደግሞ ጥሩ ነው። የቆመ መኪና ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ወደ 12 ከወረደ ተዳክሟል።

የኛስ መኪና?

የኛው ቁጥር 4 ነበር። መብራቱ ደማቅ ነው፤ ቁልፉ ሲዞር ግን ሊጠፋ ይደርሳል። አጎቴ ኮፈኑን ከፍቶ ሦስት አራት ጊዜ አስሞከረኝና የባትሪውን ጫፎች በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ፕላሱ ቀዝቃዛ ነው። ማይነሱ ግን ያቃጥላል! በባትሪ መብራት ስናየው ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ወሮታል።

እንዴት መብራቱን አብርቶ ሞተሪኖውን ከለከለ? የኦምን ሕግ አስታውሱ፤ ቮልቴጅ የከረንትና የሬዚስታንስ ብዜት ነው። ቆሻሻው 0.02 ኦም ብቻ ሬዚስታንስ አለው እንበል። መብራቱ 10 አምፔር ያህል ስለሚወስድ የሚጠፋው 0.2 ቮልት ነው፤ አይታወቅም። ሞተሪኖው 200 አምፔር ልሳብ ሲል ግን 4 ቮልት እዚያው ይቀራል። 4 ቮልቱ ሙቀት ሆኖ የአጎቴን ጣት አቃጠለ።

አጎቴ መጀመሪያ ማይነሱን ፈታ። ሁልጊዜ ማይነስ ቀድሞ ይፈታል፣ መጨረሻ ይታሰራል፤ አለዚያ መፍቻው ብረት ነክቶ ብልጭታ ይፈጥራል። ዱቄቱን በሙቅ ውኃ አጠበ፣ ጫፉን በቢላ ፋቀ፣ አድርቆ አጠበቀው። ዱቄቱ አሲድ ስላለበት ዓይናችሁን በዚያ እጅ እንዳትነኩ። ከባትሪ አጠገብም ሻማም ሲጋራም አይለኮስም፤ የሚወጣው ሃይድሮጅን ይፈነዳል።

ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ በአንዴ ተነሳ!

ብንገፋውስ ኖሮ?

ማንዋል መኪና ተገፍቶ ይነሳል፤ ቁልፉ ተከፍቶ፣ ሁለተኛ ማርሽ ገብቶ፣ ፍጥነት ሲይዝ ፍሪሲዮኑ ይለቀቃል። ተገፍቶ ከተነሳ ችግሩ በማስነሻው በኩል እንጂ በሞተሩ እንዳልሆነ ያስረዳል። ባትሪው ጨርሶ ከሞተ ግን መግፋትም ላይሠራ ይችላል። ዋናው ነገር፣ ሞተር ሳይነሳ ፍሬን ይጠነክራል፣ መሪ ይከብዳል። ሜዳ ላይ እሺ፤ በጨለማ፣ በዚያ ቁልቁለት፣ ምጥ የያዛት እናት አሳፍሮ ግን አይሞከርም። ከሌላ መኪና በገመድ ስታስነሱም ቮልቱን ጠይቁ፤ ብዙ የጭነት መኪኖች 24 ቮልት ናቸው፤ ከ12 ጋር አይገናኙም።

ሰቆጣ በሰላም ደረስን። ሊነጋጋ ሲል ሴት ልጅ ተወለደች፤ ዛሬ ከብዙዎቻችሁ በዕድሜ ትበልጣለች።

ስንመለስ የቴፑን ነገር ለአጎቴ ነገርኩት። ሳቀ። «የሁለት ሰዓት ቴፕ ደህና ባትሪ አይገድልም። ግን ያኔውኑ ብትነግረኝ መልካም ነበር፤ መኪና ምን እንደዋለ ያልተነገረው መካኒክ በግምት ነው የሚሠራው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ሲበላሽ «ይሄ ነው!» ብዬ ከመፍረዴ በፊት እሰማለሁ፣ አያለሁ፣ አንድ በአንድ እፈትሻለሁ። የማውቀውንም አልደብቅም።