የጠመንጃ ውታፍ
(በራዲዮ የተነገረ)



በአውሮፓ አቆጣጠር ጁን 29 ቀን 1613 ዓ.ም. በለንደን ከተማ፣ ግሎብ በተባለው ቴአትር ቤት የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ታሪክ ይታይ ነበር። ንጉሡ ብቅ ሲል ለክብሩ መድፍ ተተኮሰ። መድፉ ለጠላት የተጎረሰ አልነበረም፤ ነገር ግን ባሩዱን አፍኖ የያዘው ውታፍ እየነደደ ወጥቶ በሣሩ ክዳን ላይ ዐረፈ። ተመልካቹ ዓይኑን ከጨዋታው ስላልነቀለ ጭሱን ከቁም ነገር የቆጠረው አልተገኘም። አንድ ሰዓት ያህል እንኳ ሳይቆይ ያ ስመ ጥር ቤት ዐመድ ሆነ። ደግነቱ የሞተ ሰው አልነበረም፤ ሱሪው የተቀጣጠለበት አንድ ሰውም እሳቱን በቢራ አጥፍቶ ዳነ። በ1614 ቤቱ እንደገና ሲሠራ ክዳኑ ሸክላ ሆነ።

ይህን ያህል ጥፋት ያደረሰው ውታፍ ሥራው ምንድን ነው?

በአፈሙዙ በሚጎረስ ጠመንጃ አስቀድሞ ባሩዱ፣ ቀጥሎ ውታፉ፣ በመጨረሻም ዓረሩ ይገባና በዘንግ ይጎሰጎሳል። የጠላ ጋን አፉ እንደሚወተፍ ሁሉ፣ ውታፍም ባሩዱ ሲነድ የሚወለደው ጋዝ በዓረሩ ዙሪያ ሾልኮ እንዳያመልጥ ይከለክላል። ጋዙ ካመለጠ ዓረሩ ኃይሉን ያጣል፤ ዒላማውንም ይስታል። የቱቦው ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ ያለው ሲሆን ደግሞ፣ ክቡ ዓረር በቅባት በራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይገባል፤ ጨርቁም ቦዩን እየያዘ ዓረሩን ያሽከረክረዋል።

ዛሬም በአውሮፓና በአሜሪካ በእንዲህ ያለ ጠመንጃ የሚያድኑና ዒላማ የሚወዳደሩ ሰዎች አሉ። እነርሱ ለመጠቅለያ የሚመርጡት በጥብቅ የተሸመነ የጥጥ ወይም የተልባ እግር ጨርቅ ነው። ለውታፍ ደግሞ ባርኔጣ የሚሠራበት፣ ሳይፈተል ተረግጦ የተጣበቀ የበግ ጠጉር ይስማማል፤ ጋዙን ይገታል፤ ሰምና ሞራም ይይዛል። ቅባቱ ከተኩስ በኋላ በቱቦው ውስጥ የሚቀረውን ጥቀርሻ ያለሰልሳል። ቅባቱ ባሩዱን እንዳያበላሽ ግን በመካከላቸው የካርቶን ክብ ማኖር ይበጃል።

ናይሎንና ፕላስቲክ ያላቸው ጨርቆች በሙቀት ቀልጠው በቱቦው ላይ ስለሚጣበቁ አይመረጡም። ደረቅ ወረቀትና ጭድ መሳይ ነገር ደግሞ ፍም ይሸከማል። ፍሙ ወደ ውጭ ቢወድቅ ሣር ያቃጥላል፤ በቱቦው ውስጥ ቢቀር ደግሞ ቀጥሎ የሚጨመረውን ባሩድ በጎራሹ እጅ ላይ ሊያነደው ይችላል።

ምርጫው ትክክል መሆኑን የሚመሰክረው ራሱ ጨርቁ ነው። ከተኩስ በኋላ መሬት ላይ ሲገኝ ሳይቀደድና ሳይበሳ ከሆነ መልካም ነው፤ ተቀዶ ወይም ተበሳስቶ ከተገኘ ግን መለወጥ አለበት።

አድማጮች ሆይ! በግሎብ ጭሱን አይቶ የናቀው ሕዝብ ቤቱ ሲወድም ቆሞ ለማየት ተገደደ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ስለዚህ ነው።