ስለ እምቦጭ አረምና ስለ ጣና ባሕር

ከጉና ተራራ የሚነሡት የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የደጋውን አፈር እየጠረጉ በፎገራ ሜዳ አልፈው ወደ ጣና ባሕር ይገባሉ። በባሕሩ ላይ የሚንሳፈፈው የእምቦጭ አረም የዳርቻው ሰዎች ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ምግቡ ከፋርጣና ከእስቴ እርሻ ጭምር የሚወርድ ነውና የደጋው ሹም ሁሉ ነገሩን ሊያውቀው ይገባል።

የእምቦጭ የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። አበባው ስለሚያምር ሰዎች ወደ ብዙ አገር ወሰዱት። በኢትዮጵያ አስቀድሞ የታወቀው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1965 በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ሲሆን፤ በጣና ላይ መድረሱ የታወቀው በ2011 ነው።

የሚለይበት ምልክት ይህ ነው። ቅጠሉ ክብና የሚያብረቀርቅ ነው፤ የቅጠሉ ዘንግ ያበጠና በውስጡ አየር የመላበት ነው፤ ሥሩ ጠቆር ያለና እንደ ላባ የተንዠረገገ ነው፤ አበባው ሐምራዊ ነው። ደንገል ሥሩን በጭቃ ሲተክል እምቦጭ በውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ደንገል ታንኳ ይሠራበታል፤ ከውኃ በታች የሚበቅለውም ሣር ለዓሣ መጠለያ ነውና፤ ሁለቱም በስሕተት እንዳይነቀሉ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

እምቦጭ በሁለት መንገድ ይራባል። አንደኛው ከእናቲቱ በሚወጣ ቅርንጫፍ ነው፤ በተስማማው ጊዜ በሁለት ሳምንት ያህል እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛው በዘር ነው፤ ዘሩ በጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ድረስ ሕያው ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በተጀመረው ዘመቻ ብዙ አረም ቢነቀልም፤ ከዚያ በኋላ ተመልሶ ታየ። አረሙ በበዛበት ስፍራ ታንኳ መንገድ ያጣል፤ መረብ ይያዛል፤ ዓሣው በጥላው ሥር አየር ያጥረዋል፤ የከብቱም መሰማሪያ ይጠፋል።

ስለዚህ የሚከተለው ይደረግ።

አንደኛ፤ አረሙ ሳያብብ ከነሥሩ ይነቀል። ቁራጭ በውኃ ላይ ከቀረ እንደገና ይበቅላል።

ሁለተኛ፤ የተነቀለው በባሕሩ ዳር አይተው፤ ክረምት የሞላው ውኃ መልሶ ይወስደዋልና። ውኃ ከማይደርስበት ስፍራ ተሰጥቶ ይድረቅ። ከክብደቱ ዘጠኝ እጅ የሚበልጠው ውኃ ስለ ሆነ፤ ከደረቀ በኋላ ማጓጓዙ ይቀላል። ያበበው ይቃጠል።

ሦስተኛ፤ ታንኳና መረብ ከስፍራ ወደ ስፍራ ከመሄዳቸው በፊት ይጠረጉ። አበባውንም ለጌጥ ብሎ ወደ ኩሬ የሚወስድ ሰው ይከልከል።

አራተኛ፤ መርዝ በዘፈቀደ አይረጭ። በአንድ ጊዜ የሞተው አረም ሲበሰብስ የውኃውን አየር ይጨርሳል፤ ዓሣም ያልቃል። በቪክቶሪያ ባሕር በ1990ዎቹ ዓመታት አረሙን የሚበላ የነቀዝ ዓይነት ተለቅቆ ብዙ ረድቷል፤ ነገር ግን ነቀዙን ማምጣት ጉዳዩን መርምረው ለሚወስኑ ሊቃውንት የሚተው ሥራ ነው።

አምስተኛ፤ በደጋው እርከን ይሠራ፤ የወንዙ ዳር አይታረስ፤ ፍግም ጎርፍ በሚወስድበት ስፍራ አይከመር። ጉማራ በወንዛዬ ፍል ውኃ አጠገብ ደፍርሶ ሲወርድ የሚያየው ሰው፤ የገበሬው አፈር ለአረሙ ስንቅ ሆኖ መሄዱን ይወቅ።

በኩሬ ወይም በመስኖ ቦይ አንድ እምቦጭ የታየ እንደ ሆነ በዚያው ቀን ይነቀል፤ ለወረዳውም ይነገር። አንዱን ለመንቀል አንድ ሰው ይበቃል፤ ከተስፋፋ በኋላ ግን አገር በሙሉ ቢወጣም ይደክማል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።