ፓፍ ተፈርቶ ሽሮፕ ሲታመን

በባሕር ዳር መድኃኒት ቤቶች መስኮት ላይ «ፓፉ ይቅርብን፤ ሽሮፕ ስጡን» የሚል እናት ወይም አባት አይጠፋም። ልጁ ሌሊቱን ደረቱ ሲር ሲር ሲል ያደረ ነው። ጎረቤት ግን «ፓፍ አንዴ ከተጀመረ አይላቀቅም፤ ልብም ያደክማል» ብሏል። ይህ በሀገራችን ስለ አስም የቆየ ስጋት ነው።

ስጋቱን ከንቱ ማለት አይቻልም፤ ያረፈው ግን በማይገባው መድኃኒት ላይ ነው። አንድ የሳልቡታሞል ፓፍ 100 ማይክሮግራም ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ሽሮፕ ደግሞ በተለምዶ 2 ሚሊግራም፣ ማለትም የ20 ፓፍ ያህል ይይዛል፤ ያውም በሆድና በደም ዞሮ ነው ሳንባ የሚደርሰው። እጅ የሚያንቀጠቅጠውና ልብ የሚያስመታው በይበልጥ የሚዋጠው ነው። ስቴሮይድም እንደዚሁ ነው፦ በየቀኑ የሚሳበው ቤክሎሜታዞን በማይክሮግራም ሲለካ፣ አንዲት የፕሬድኒሶሎን ክኒን 5 ሚሊግራም ናት። ሲብስ ለጥቂት ቀን መዋጧ ሕይወት ያድናል፤ መደጋገሟ ግን አጥንት ያሳሳል።

አንዳንድ ባለሙያ ስለሚሳበው ስቴሮይድ ቤተሰቡን ለማረጋጋት «ምንም ጉዳት የለውም» ይላል። እኔ ይህን አልወደውም። በአሜሪካና በካናዳ የተካሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱ የታተመ ጥናት፣ በልጅነታቸው ቡዴሶናይድ የተባለውን ስቴሮይድ ለዓመታት የሳቡ ሰዎች ቁመት መድኃኒት አልባ ፓፍ ከተሰጣቸው ሰዎች በአማካይ በ1.2 ሴንቲ ሜትር ማነሱን አሳይቷል። ይህን ያልሰማች እናት ነገ ከሌላ ሰው ስትሰማ ሁሉንም ትጥለዋለች። ቁጥሩ ሲነገራት ግን ትንፋሽ አጥሮት ከሚያድር ልጅ ጋር ራሷ ታመዛዝነዋለች። አስሙ ለሦስት ወር ያህል ከተረጋጋ መጠኑ እየተቀነሰ እንደሚሄድም አብሮ ይነገራት።

ለአስም የሚሰጠው የሞንቴሉካስት ክኒን ጉዳይ ይለያል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ጠንካራውን ማስጠንቀቂያ ያወጣበት ቅዠት፣ ቁጣ፣ ድብርትና ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊያመጣ ስለሚችል ነው። አስቀድሞ ያልተነገረው ቤተሰብ በድንገት የሚቃዠውን ልጅ ጠበል ይወስደው ይሆናል እንጂ ክኒኑን አይጠረጥርም።

ያለ መከላከያ መድኃኒት፣ ማለትም ያለሚሳበው ስቴሮይድ፣ መቆየትም አደጋ ነው፤ ይህኛው ብዙ ጊዜ ሳይወራ ይታለፋል። ሳልቡታሞል ቶሎ ስለሚያስተነፍስ ይወደዳል፤ የአየር ቧንቧውን እብጠት ግን አያክምም። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ጂና እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ሳልቡታሞልን ብቻውን አይመክርም። ለጣና ደሴቶች ልጅ ነገሩ ይከብዳል፤ ሌሊት ሲታፈን ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ለመድረስ መጀመሪያ ጀልባ ያስፈልጋል።

ስለዚህ የባለሙያውና የወላጁ ንግግር «ምኑ ነው የሚያስፈራዎት?» ብሎ ቢጀመር ይሻላል። ከዚያ በእጅ ማሳየት ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የኬፕታውን ጥናት ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ቂጡ በፓፉ አፍ ልክ ተበስቶ ዙሪያው ሲታሸግ፣ ከሚሸጠው የፓፍ ማስተላለፊያ (ስፔሰር) እኩል እንደሚሠራ አረጋግጧል። ልጁ የጠርሙሱን አፍ በከንፈሩ ይይዛል፤ አንዴ ይነፋለታል፤ ደጋግሞ ይተነፍሳል። ስቴሮይድ ከሆነ በውኃ ተጉመጥምጦ ይተፋል፤ አለዚያ አፉ ውስጥ ነጭ ፈንገስ ሊወጣበት ይችላል።