«ፈሪ ስለሆነ ነው ወግ አጥባቂ የሆነው»

የፖለቲካ ክርክር ሲጋጋል ሐሳቡን ትተን ባለሐሳቡን መመርመር ይቀናናል። «እሱ ድሮም ፈሪ ነው»፣ «እሷን ተዋት፣ መቃወም አመሏ ነው» እንላለን። ለዚህ ዓይነቱ ፍርድ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ጥናቶች የሳይንስ ካባ ደርበውለታል። ካባው ግን እዚህም እዚያም የተቀደደ ነው።

ተረት፦ ወግ አጥባቂ ሰው የሚያስፈራ ነገር ሲያይ ሰውነቱ ከሌላው ይበልጥ ይደነግጣል።

ወሬው በሰፊው የተነዛው በ2008 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ከወጣ ጥናት ነው። በኔብራስካ ግዛት፣ ሊንከን ከተማ፣ 46 ሰዎች ፊቱ ላይ ትልቅ ሸረሪት የወጣበት ሰው፣ ፊቱ በደም የራሰ ሰውና ትል ያፈላ ቁስል በፎቶ እንዲያዩ ተደረገ፤ የቆዳቸው ላብም ተለካ። ድንገተኛ ጩኸት ሲለቀቅባቸው ደግሞ ዐይናቸው ምን ያህል እንደሚጨፈን ተመዘገበ። ይበልጥ የደነገጡት የሞት ቅጣትን፣ የመከላከያ በጀትንና የኢራቅን ጦርነት ወደ መደገፍ ያደሉ ሆነው ተገኙ። 46 ሰው እንኳን የሰውን ልጅ ተፈጥሮ ሊያስረዳ፣ አንድ የለቅሶ ድንኳን አይሞላም።

እውነታ፦ በ2020 ሌሎች ተመራማሪዎች 202 ሰዎችን ይዘው የላቡን ልኬት ሲደግሙት ያ ልዩነት አልታየም። ጽሑፋቸውን መጀመሪያ ለዚያው ለ«ሳይንስ» ልከው መጽሔቱ እንዳልተቀበላቸውም በይፋ ተናግረዋል። የፊተኛው ወሬ ግን ዛሬም ይወራል።

ከዚህም የባሰ አለ። በ2012 በአንድ ታዋቂ የአሜሪካ የፖለቲካ ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ግልፍተኛነትና ጨካኝነት የሚለካበት አንድ የስብዕና መለኪያ ላይ ወግ አጥባቂዎች ከፍ ያለ ነጥብ እንዳገኙ ጻፈ። በ2016 ማረሚያ ወጣ፦ መረጃው ሲመዘገብ የግራና የቀኝ ምልክት ተገላብጦ ኖሯል። ከፍ ያለውን ነጥብ ያገኙት ለዘብተኞቹ፣ ማለትም ግራ ዘመሞቹ፣ ነበሩ። ደራሲዎቹ «ዋናው ክርክራችን፣ ስብዕና የፖለቲካ አቋምን አይወልድም የሚለው፣ በዚህ አይናጋም» ብለዋል፤ ልክ ናቸው። እኔን የሚገርመኝ ግን ስህተቱ አራት ዓመት መቆየቱ ነው። ውጤቱ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያምነውን ባይመስል ኖሮ ቶሎ የሚጠረጥረው አይጠፋም ነበር ባይ ነኝ።

ታዲያ ስብዕናና ፖለቲካ አይገናኙም? ይገናኛሉ፣ ግን በቀጭን ክር። ከ70 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች በ2012 አንድ ላይ የደመረ ሥራ እንደሚያሳየው፣ ለአዲስ ነገር ልቡ ክፍት የሆነ ሰው በጥቂቱ ወደ ለዘብተኛነት ያደላል። ተዛምዶው 0.18 ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር፣ በሰዎች መካከል ካለው የአቋም ልዩነት ይህ ባሕርይ የሚሸፍነው 3 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ሥርዓት አክባሪነትና ትጋት ከወግ አጥባቂነት ጋር ያላቸው ግንኙነት ከዚህም ያነሰ ነው። በዚህ ተነስቶ የጎረቤቱን ድምፅ ልገምት የሚል ሰው ሳንቲም ወርውሮ ከሚገምት እምብዛም አይሻልም።

«ግራ» እና «ቀኝ» የሚባለውም ጥቅል በየአገሩ አንድ አይደለም። በ2014 የወጣ የ51 አገሮች ጥናት፣ መረጋጋትንና ዋስትናን አጥብቀው የሚሹ ሰዎች በባህል ጉዳይ ወግ አጥባቂ፣ በኢኮኖሚ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ግራ ያዘነበሉ ሆነው እንዳገኘ ይገልጻል። ጾም የማያስታጉል፣ ግን «የዳቦን ዋጋ መንግሥት ይተምን» የሚል ሰው ለኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሚሆነው ለአሜሪካው መጠይቅ ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። ስብዕና የሚለካው በአብዛኛው ሰውየው ስለ ራሱ በሚሞላው ቅጽ ነው። በ2021 የታተመ ሥራ እንዳመለከተው፣ የፖለቲካ ወገንተኝነት መልሱን ሊለውጠው ይችላል፤ «አዲስ ሐሳብ ደስ ይለኛል?» ለሚለው ጥያቄ የሚመልሰው አንዳንዴ የሰውየው ጠባይ ሳይሆን «የእኛ ወገን እንዲህ ነው» የሚለው እምነቱ ነው።